ድልድዩ ላይ የተያዘው ቦታ

አባቴ ኮሪያ ዘማች ነበሩ። ሜዳሊያቸውን ልጅ ሆነን ቤት ውስጥ እናየው ነበር፤ የጦርነቱን ወሬ ግን አንድም ቀን አላወሩንም። በዘጠናዎቹ አጋማሽ ዳላስ እኛ ዘንድ ሲመጡ፣ ቪከሪ ሜዶ ካለው አፓርታማችን መስኮት ሥር ተቀምጠው ፓርኪንጉን ሲያዩ ይውሉ ጀመር። ባለቤቴን አሳዘኑት። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሠራበትን ታክሲ ትቶ በእኛ መኪና ሊያዝናናቸው ወሰነ።

ጎረቤት ከተማ ፎርት ዎርዝ ያለውን የጃፓን መናፈሻ የመረጥነው ለአምስት ዓመት ልጃችን ብለን ነበር። ኩሬው ውስጥ ክንድ የሚያካክሉ ቀይና ነጭ ዓሦች አሉ፤ ሳንቲም ከተን ከማሽኑ ምግባቸውን እንገዛለን።

በመጀመሪያው ቀን አባባ ጎበጥ ያለውን የእንጨት ድልድይ ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ወጡና መደገፊያው ላይ ተለጥፈው ቆሙ።

«አባባ፣ ወደ መሃል ጠጋ ይበሉ» አላቸው ባለቤቴ ካሜራውን ደቅኖ።

«እዚሁ ይሻለኛል።»

በቀኛቸው አንድ ሰው የሚያስቆም ቦታ ትተው ነበር። ከዚያ ወዲህም በሄድን ቁጥር እንደዚያው ነው። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሁልጊዜ ዳር ላይ ናቸው፤ ጎናቸው ባዶ።

አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ወጥቶ ሳለ፣ ልጄ የዓሣውን ምግብ በእፍኟ ይዛ ወደ አያቷ ሮጠች። ልትደርስባቸው ስትል ቀጥ አለች። ባዶውን ቦታ ቀና ብላ አየችና «ኤክስኪዩዝ ሚ» ብላ ዞራ አለፈች።

«ማንን ነው?» አልኳት ተከትያት ደርሼ።

«ያን ሰውዬ። እሱ ዌት ነው።»

እጇን ይዤ ወደ እኔ ሳብኳት። አባባ ግን አልደነገጡም።

«ምን አለች?»

«ርሷል ነው የምትለው።»

«አዎ» አሉ፣ «ዝናብ ነበር።»

ያን ዕለት ነው የነገሩን። ከግንባር ለዕረፍት ጃፓን ወስደዋቸው፣ ከዘማች ጓደኛቸው ጋር በዝናብ በአንድ አሮጌ ድልድይ ተሻግረው መናፈሻ ውስጥ ገቡ። ከበላዩ፣ ኮረብታው አናት ላይ፣ የጥንት ግንብ ነበር። ሊወጡ ሲጀምሩ መኪናው ሊነሣ ነው ተብለው ተጠሩ። «በሚቀጥለው ፈቃድ እንወጣዋለን» አለ ጓደኛቸው። ኮሪያ ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ጓደኛቸው አጠገባቸው ተመትቶ ወደቀ።

«መቼም ልጅ የማይለው የለም» አለኝ ባለቤቴ መኪና ውስጥ፣ ቀስ ብሎ። እሱም ግን መስተዋቱን ደጋግሞ ያይ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መሄድ አልፈለግሁም። አባባ ግን ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫት አስረው በሩ ላይ ጠበቁን። እንደደረስን ወደ ድልድዩ ሄዱ። እኔ ለልጄ ምግቡን ገዝቼ ቀና ስል የሉም።

በዛፎቹ ሥር እየተጣራን ፈለግናቸው። ድምፃችን ተመልሶ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስል ነበር፤ ከሰውም ያያቸው አልነበረም። በኋላ ከመናፈሻው ኮረብታ፣ አናቱ ላይ ካለው የእንጨት ማማ ሲወርዱ አየኋቸው። ያለ ድጋፍ የአፓርታማችንን ደረጃ የማይወጡት ሰውዬ ቀጥ ብለው፣ ረጋ ብለው ወረዱ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የኮታቸው ቀኝ እጅጌ ግን ከትከሻው ጀምሮ ርሶ፣ ውኃው በጣታቸው ይንጠባጠባል።

«የት ነበሩ አባባ? ማን አረጠብዎ?»

«ወጣን» አሉኝ፣ ወደ ማማው ዞር ብለው።

ባለቤቴ ኮታቸውን አውልቆ ጃኬቱን ደረበላቸው። ወደ መኪናው ሄድን። ሃይዌይ እንደገባን «ራበኝ» አሉ። መንገድ ላይ አቁመን ዶሮ ጥብስ ገዛንላቸው፤ ዳላስ ከመጡ እንደዚያ ሲበሉ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ «እንሂድ?» ሲላቸው «እኔ ጨርሻለሁ፤ እናንተ ሂዱ» ይሉታል። እኛም ደግመን አልሄድንም። ሌዊስቪል ወዳለው ሐይቅ እንወስዳቸው ጀመር። እዚያ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተንጋለው፣ ጀልባዎቹን እያዩ፣ የኮሪያ ብርድ እንዴት ያለ እንደነበር ለልጄ ያወሩላታል። እሷም ግማሹ ሳይገባት ታዳምጣለች።