ሐሰን የወሰደብኝ መደብ

የልጅ ልጄ ሐያት አፏን በጨው ውሃ ተጉመጥምጣ ቆርቆሮ ጣሳው ውስጥ ስትተፋ በሰማሁ ቁጥር፣ ሐይቁ ዳር የነበረው የእናቴ ቤት ይመጣብኛል፤ ያኔ እንዲህ ይተፋ የነበረው ታናሽ ወንድሜ ሐሰን ነበር።

ክረምት ሲገባ ድዱ ይደማ፣ ገላው ሳይመታ ይበልዝ ጀመር፤ ምን እንደያዘው የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ እኔ እተኛበት የነበረውን፣ ምድጃው አጠገብ ያለውን መደብ ለሱ ሰጥታ እኔን ወደ በሩ፣ ወደ ብርዱ ገፋችኝ። አባቴ ከሐይቁ ዓሣ ሲያመጣ ሥጋው ለሐሰን እየተለቀመ ይሰጥና እኔ የዓሣውን ራስ እግጥ ነበር። ሊጠይቁ የሚመጡት ጎረቤቶች ጉንጩን እየሳሙ «አፊያ ያርግህ የኔ ጌታ» ይሉትና፣ እኔን ግን ውሃ ቅዳ፣ እንጨት አምጣ ይሉኝ ነበር። ቅናት አንጀቴን ሲበላው አንድ ቀን ሆዴን ይዤ አጠገቡ ተጋደምኩ።

«አንተ ደሞ ምን ሆንክ?» አለች እናቴ።

«አመመኝ።»

«ዓሣውን ካየህ በኋላ ነው ያመመህ? ተነስ፣ ጥጃዋን አስገባ!»

ሐሰን ደም በቋጠረ አፉ ሳቀብኝ። በሳቁም ቀናሁ።

ዝናቡ አባርቶ መሬቱ ሲደርቅ ግን ዓሣው ቀርቦለት መዋጥ አቃተው፣ ትኩሳቱም አልወርድ አለ፤ ማሽላው ሳይታጨድ ቀበርነው። መደቡ ለኔ ተመለሰ። አላዘንኩም ብዬ አልዋሽም፣ አልሞቀኝም ብዬም አልዋሽም።

እንደ ሐሰን ድዷ በመድማት የጀመረውን የሐያትን በሽታ ግን ሐኪሞቹ የደም ካንሰር ነው ብለው ስሙን ነገሩን። ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት በደም ሥሯ ሲሰጧት ፀጉሯ ረገፈ፣ አፏ ውስጡ ቆሰለ። ከሆስፒታል የመጣች ሰሞን ሰፈርተኛው እንደ ጥንቱ ጎርፎ ገብቶ ሁሉም ሳማት፣ እኛም ደስ አለን። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት አንቀጠቀጣትና ይዘናት ሮጥን። ለካ መድኃኒቱ በሽታ የሚከላከልላትን ነጭ ደም ጨርሶባት ኖሯል፤ በሌላው ሰው ላይ ጉንፋን የሆነው እሷን ሊገድላት ደርሶ፣ በስንት መከራ ተረፈች። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ።

አብሮ አደጌ ይማም መጣ። «ሰይድ፣ እኔን ነው የምትከለክል? እናትህ እኮ በር ዘግታ አታውቅም!»

«እኔ ዘጋሁ። ዱዓህን እዚያው ዛፉ ሥር ሁነህ አድርግ፤ አላህ ከዚያም ይሰማል» አልኩት። ተቀይሞ ሄደ፤ ይቀየም።

የሐያት እናት፣ ልጄ፣ መድኃኒቱን ትፈራዋለች። የሚቀጥለው ኬሞ በደረሰ ቁጥር «አባባ፣ በሽታው ቢተዋት ይሄ ይገድልብኛል» እያለች ታለቅሳለች። እውነቷን ነው፤ ምን እንደሚያደርጋት እኔም በዓይኔ አይቻለሁ። ግን ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ ልብሷን በፌስታል ይዤላቸው ከኋላ ከኋላ ስከተል፣ በዚህ እድሜዬ በልጄ ቅናት ይይዘኛል። እናቴ ያኔ የምትፈራው መድኃኒት እንኳ አልነበራትም።