የካንጂ የካርባይድ ሰንሰለት

ወንድሜ ኩሮኪ ካንጂ ባለፈው ጸደይ አረፈ። የሸለቆው ደን ሠራተኞች ማኅበር መዝገብ “ዛፍ ቆራጭ” ይለዋል። መዝገቡን የምይዘው እኔ ነኝ፤ የተጻፈው ትክክል ነው፣ ግን አይበቃም።

ካንጂ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከሞተር መጋዝ ተለይቶ አያውቅም። የመጋዙ ንዝረት ደም ሥሩን ጎድቶት ስድሳን ሲያልፍ ጣቶቹ በብርድ ጊዜ እንደ ሻማ ይነጡና ይደነዝዙ ጀመር። በዚህ ሙያ ያረጁ ሁሉ የሚያውቁት ሕመም ነው። መቁረጥ አላቃተውም፤ ያቃተው መሞረድ ነበር። የሰንሰለት ጥርስ የሚስል ሰው ሞረዱ ሲነክስና ሲንሸራተት በጣቱ ሊታወቀው ይገባል። ለእሱ አይታወቀውም።

ሸለቆውን ትልቅ ጎርፍ በመታበት ዓመት ወንዙ ያወረደው ግንድ ሁሉ አሸዋ የጠጣ ነበር። ተራ ሰንሰለት ሁለት ግንድ ሳይቆርጥ ይደነዝዛል። ሌሎቹ ሻይ ሲጠጡ ካንጂ ከሞረድ ጋር ይታገላል። ኃላፊው፣ መጋዙን ራሱ መሳል የማይችል ሰው ከቡድኑ እንደሚወጣ ተናገረ።

ካንጂም ጥርሱ ላይ ካርባይድ የተባለ እጅግ ጠንካራ ቅይጥ የተበየደበት ሰንሰለት ሊገዛ ሄደ። ዋጋው የስድስት ተራ ሰንሰለት ነው።

“አሸዋ አይበግረውም፤” አለው ባለሱቁ ሃማሳኪ። “በሞረድ አይነካም፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከተማ ተልኮ በአልማዝ ድንጋይ ይሳላል። ብረት ግን እንዳታስነካው። ሲመታ እንደ ገል ነው የሚሰበረው።”

ሚስቱ ፉጂኖ ዋጋውን ስትሰማ ሳቀች። “ይህን ሁሉ ዘመን አንድ የአንገት ሐብል አልገዛህልኝም። ለመጋዝህ ገዛህለት?”

“እሱ ያበላናላ።”

“ሂድ ወዲያ! ወጡንም እሱ ይሥራልህ!”

በጋው በሰላም አለፈ። አቆራረጡ ከተሳለ ተራ ሰንሰለት ዘገም ይላል፤ ግን ሞረድ አልነካም፣ ከሌሎቹ ጋር ተቀምጦ ሻይ ጠጣ። ጎርፉ ካፈረሳቸው ቤቶች የመጣ እንጨት ሲሆን በብረት መፈለጊያ ሳይፈትሽ አይቆርጥም።

በመከር፣ ጎርፉ ከመንደሩ መቅደስ ነቅሎ ድልድዩ ሥር የሰነቀረውን ቅዱስ ጥድ ቆርጠህ አውጣ ተባለ። ሰገደለት፤ ግን አልፈተሸውም። የአምላክ ዛፍ ላይ ምን ብረት ይኖራል?

መጋዙ ጮኸ። የጥርሶቹ ጫፍ ረግፎ ነበር። ግንዱ ውስጥ ቅርፊት የሸፈነው የዛገ ምስማር ተገኘ፤ በድሮው ልማድ አንድ በፍቅር የተከዳ ሰው የከዳውን ለመርገም በሌሊት የቸነከረው።

“የቸነከረችው የድሮ ወዳጅህ ናት!” አለ ባልደረባው ሚዞጉቺ።

“የወደደችኝ ሳትኖር ማን ይረግመኛል?” አለ ካንጂ። ሳቁ ግን አልመጣም።

ጥርሶቹን መቀየር የአዲስ ሰንሰለት ያህል ያስወጣል። ማታ አሮጌውን ተራ ሰንሰለት በሞርሳ ማጥበቂያ ላይ አስሮ ሞረድ ያዘ። ፉጂኖ ራት ልትጠራው ስትመጣ ሞረዱ በደም ርሶ ነበር።

“ካንጂ! ጣትህን!”

“የቱን?” አላት እጁን እያገላበጠ።

እሷ ስታስርለት ጣቱን አየ። ከዚያ “ነገ ለማኅበሩ ደውዪ፤” አላት።

“ምን ልበል?”

“ደከመው፣ ከእንግዲህ አይመጣም በያቸው።”

በማግስቱ ደወለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ።