ፊት የሚያሳየው ግድግዳ

ያን ቀን የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ቅዳሜ ነበር። ከኮምቦልቻ በሚኒባስ ወጥቼ ደሴ እናቴ ቤት ስገባ ሳሎኑ ባዶ ነው። እናቴን ያገኘኋት ከኋላ፣ በጓዳውና በማድ ቤቱ መሃል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ፣ ሲሚንቶው ላይ መስገጃዋን ዘርግታ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ስትሰግድ ነው። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ሲሚንቶ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ጉልበቷ ደግሞ በሽተኛ ነው።

ሶላቷን እስክትጨርስ ጠበቅኩ።

«እማዬ፣ ምንጣፍ ያለው ሳሎን እያለ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«አብሽር ልጀ፣ እዚህም ቂብላው አንድ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ደጋግሜ ስጠይቃት፣ ዓይኔን ሳታይ «የሳሎኑ ግድግዳ ቫርኒሽ ከተቀባ ወዲህ» አለች። «ወላሂ አምሯል። ግን ስቆም ግድግዳው ላይ ራሴን አያለሁ። ለሩኩዕ ጎንበስ ስል እሷም ጎንበስ ትላለች። ልቤ እሷ ላይ ይሄዳል።»

እናቴ ለሶላት የምትዞርበትን የሳሎኑን የቂብላ ግድግዳ አባቴ በሕይወት ሳለ የጽድ ጣውላ አልብሶታል። ለረመዳን ቤቱን ላሳምር ብዬ ከኮምቦልቻ ቀቢ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቀቢው «የሚያበራ ይሁን ደብዛዛ?» ብሎ ጠይቆኛል። ደረቴን ነፍቼ «ፊት የሚያሳይ አድርግልኝ!» ያልኩትም እኔው ነኝ። እኛ ዘንድ የማያብረቀርቅ እንጨት ገና እንዳላለቀ ይቆጠራል። እንግዳ ገብቶ «ማሻአላህ» እንዲል ተመኘሁ እንጂ፣ እናቴ በቀን አምስት ጊዜ ፊት ለፊቱ እንደምትቆም ለአፍታ አላሰብኩም። አሁን ረመዳን ቀርቶ የአረፋ በዓልም አልፏል።

«ይሄን ሁሉ ወር! አፍ የለሽም?» ብዬ ጮህኩባት። በእናቴ ላይ መጮሄ የባሰ አናደደኝ።

ለቀቢው ደወልኩ። «ሰው አብራልኝ ብሎ ይለምነኛል፣ አንተ ታጠፋለህ?» ብሎ ሳቀ። መላውን ግን ነገረኝ፤ በጣም ደቃቁን ብርጭቆ ወረቀት የሳሙና ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ፣ እጅ ሳያከብዱ ማሸት። ቫርኒሹ ሳይነሳ ብልጭታው ብቻ ይሄዳል።

ንዴት ቀላል እጅ አያውቅም። የመጀመሪያውን ጣውላ ፈትጌ ፈትጌ እስከ እንጨቱ ላጥኩት፤ የገረጣ ጠባሳ ሆኖ ቀረ።

«ቀስ በል ልጀ፣ እንጨቱ ምን አደረገህ?» አለችኝ ከኋላዬ።

እውነቷን ነው፤ እንጨቱ ምንም አላደረገኝም። ከዚያ በኋላ ቀስ አልኩ። መስኮቱ ጣውላው ላይ መታየቱን እስኪተው ድረስ እያሸሁ በጨርቅ ጠረግኩ።

የአስር ሶላት ሲደርስ እናቴ ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ መጣች። ግድግዳው ፊት ቆማ ወዲያ ወዲህ አለች፤ እጇንም አወዛወዘች። ምንም የለም።

«አልሃምዱሊላህ» አለች፣ «ያቺ አሮጊት ሄደችልኝ።»

መስገጃዋን ዘረጋች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያቺን አሮጊት ቤቷ ያስገባሁባት እኔ ነበርኩ።