ባለቀለበቱና ባለመስመሩ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የልጅ ልጄ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነብኝ። የሁለት እባቦች ፎቶ ነው፤ አንዱ ጥቁርና ነጭ ቀለበት የተደረደረበት፣ ሌላው ከራሱ እስከ ጭራው አንድ ነጭ መስመር የወረደበት።

«አያቴ፣ ጌስ አድርጊ። ወንድማማች ናቸው?»

«ናቸው» አልኩት። እንዴት እንዳወቅሁ ገረመው።

በወጣትነቴ እዚሁ ሚኒሶታ ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባል ሰፈር፣ ከረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በአንዱ ብቻዬን እኖር ነበር። ሊፍቱ ውስጥ የየቤቱ ወጥ ይሸተኛል፤ የእኔን በር የሚያንኳኳ ግን አልነበረም። ሥራዬ አረጋውያንን በየቤታቸው መንከባከብ ነበር። አንዱ ፊሊፕስ የተባለው ሰፈር የሚኖሩት ሚስተር ሃሮልድ ናቸው፤ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ኪንግስኔክ የሚባል መርዝ የሌለው እባብ የሚያረቡ ሽማግሌ። የመጀመሪያ ቀን ከደጃፋቸው ልመለስ ምንም አልቀረኝም።

ታናሽ ወንድሜ ዳዊት ናይሮቢ ቀርቶ የጉዞ ፈቃዱን ይጠባበቅ ነበር። አንድ የበጋ ምሽት ደወለ። «ጉዳዬን አገዱት። ወንድሟ አትመስልም አሉኝ» አለ። እሱ ቀይ፣ መለሎ ነው፤ እኔ ጠይም፣ አጭር። ሊስቅ ሞከረና አቃተው።

በማግስቱ ገና ስገባ ሚስተር ሃሮልድ «ቶሎ ነይ፣ እየወጡ ነው!» ብለው ተጣሩ። ቆዳ የመሰሉት እንቁላሎች ተሰንጥቀው ትንንሽ ራሶች ብቅ ብቅ ይላሉ። ባለቀለበት ወጣ፤ ሌላ ባለቀለበት ተከተለ፤ ከዚያ ባለመስመር።

«ይሄኛው የማን ነው?» አልኳቸው።

«የዚያችው እናት። ድሮ ሊቃውንቱም የተለያየ ዘር ይመስሏቸው ነበር።»

እንባዬ መጣ። ስለ ወንድሜ ነገርኳቸው፤ እንግሊዝኛዬ ከለቅሶው ጋር ጭራሽ ተደበላለቀ። «ስሙ ማነው?» አሉኝ።

«ዳዊት።»

«ዳዊት» ብለው በፈረንጅ ምላሳቸው ደገሙት። ሚኒሶታ ከገባሁ ወዲህ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትንንሾቹን እባቦች በየግል ሣጥናቸው አስገባን። አብረው ለምን እንደማይሆኑ ጠየቅኋቸው።

«እርስ በርስ ይበላላሉ። ብቻውን የሚኖር ፍጥረት ነው» አሉ፤ ክዳኑንም ቀስ ብለው ገጠሙት።

ቅጠል ሲረግፍ ልጃቸው ከሌላ ስቴት መጥታ ወሰደቻቸው። እባቦቹም ለየሰው ታደሉ። ዳዊት ግን በደም ምርመራ ወንድሜ መሆኑ ተረጋገጠና ከብዙ ወራት በኋላ መጣ። ኤርፖርት ሳቅፈው ትከሻው አጥንት ብቻ ነበር። ሻንጣውን እስኪያገኝ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው የሕዝብ ስልክ ሮጬ ሚስተር ሃሮልድ በሰጡኝ ቁጥር ደወልኩ። መስመሩ አገልግሎት አይሰጥም አለኝ። ደግሜ ሞከርኩ።

ዛሬ ዳዊት እዚሁ ቅርባችን ኮሎምቢያ ሃይትስ ይኖራል፤ የልጆች አባት ሆኗል፣ በዓል ሲሆን ቤቴ ይሞላል። እኔ ግን በሳቁ መሀል አንዳንዴ በሐሳብ ጭልጥ እላለሁ። የምሥራች ይዘው የሚነግሩትን ሰው ማጣት ምን እንደሚመስል ለማንም አስረድቼ አላውቅም።