ጽንሱ ዝም ያለ ዕለት

ዝምተኛ ጽንስ ጤነኛ ጽንስ ነው የሚባለው ሐሰት ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የክርስትና ድግስ ላይ፣ አንዲት ወይዘሮ ይህንኑ ለነፍሰ ጡር ምራታቸው በሙሉ ልብ ሲያስተምሩ ሰማሁ። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ ብያለሁ።

አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የገበሬ መሬት ሊያሰፋ በነበረው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞው የተጋጋለበት ታኅሣሥ ነበር። መንደራችን ፉሪ ላይ የጤፉ ነዶ ሳይወቃ ተከምሯል፤ ከታች፣ ከሰበታ መንገድ፣ የሚቃጠል ጎማ ጭስ ሽቅብ ይመጣል። ሠላሳ አልሞላኝም፤ ብዙ ስላነበብኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር። መንገድ ተዘግቶበት ባሏ ተጂ ከተማ ስለቀረ፣ መውለጃዋ የደረሰውን እህቴን ሌንሳን የምጠብቃት እኔ ነበርኩ።

ጠዋት፣ "ጋሼ፣ ከትናንት ጀምሮ አልተራገጠም" አለችኝ።

"ተኝቶ ነው። ጩኮ ብዪ፣ ይነቃል።"

በቅቤ የታሸውን ገብስ በላች። አልነቃም። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሜ አበላኋት። እውነቱን ልናገር፤ ልጁ ተኝቷል ብዬ ያመንኩት መንገዱን ስለፈራሁ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጎረቤታችን ኦቦ ዲንቃ ሊጠይቁን ገብተው ነገሩን ሰሙ።

"ያን ሁሉ መጽሐፍ ጨርሰህ እኔን መጥራት አቃተህ?"

ልጃቸው በባጃጁ ጫነን፤ እሳቸው ከአጥራቸው ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው ከፊታችን በእግራቸው ቀደሙ። ድንጋይ የደረደሩት ወጣቶች ሣሩን ሲያዩ፣ "ነጉማ፣ ኦቦ?" ብለው በሰላም መሆኑን ጠይቀው መንገዱን ከፈቱ። እርጥብ ሣር ይዞ የሚለምን ሽማግሌ እዚያ አገር አይመለስም። ጠዋትም ቢሆን ይከፍቱልን ነበር።

ጤና ጣቢያው ውስጥ አዋላጇ ትንሽ ጡሩምባ የምትመስለውን ማዳመጫ የሌንሳ ሆድ ላይ ተክላ ብዙ ቆየች።

"የልቡ ምት ቀንሷል። አየር አጥሮታል።"

"ታዲያ ለምን አይራገጥም?" አልኳት።

"በምን አቅሙ? አየር ሲያጥረው ደሙን ከእጅ እግሩ፣ ከቆዳው፣ ከአንጀቱ ቀንሶ ለአንጎሉና ለልቡ ያደርሳል። መራገጡንም ይተዋል። ቁጠባ ነው።"

"ራሱን እየጠበቀ ነዋ!"

"ለጊዜው። ሲቆይ አንጎሉም ያጥረዋል። ዝም ካለ ስንት ሰዓት ሆነው?"

ሌንሳ መለሰችላት።

ያን ሰሞን አገሩ የሚያወራው፣ ጭንቅላቱ እንዲጠግብ እግሩ ይራብ ስለሚል የከተማ ዕቅድ ነበር። ጽንሱ ግን ይህን የሚያደርገው ሞት ሲመጣበት ብቻ ነው።

በአምቡላንስ አዲስ አበባ ደርሳ በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ደም እንደሌላት ገርጥታ ነበር፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ ተዝለፍልፋለች። ለቅሶዋ በጣም ዘግይቶ መጣ።

ዛሬ ተማሪ ናት፤ በመላጣዬ ትቀልዳለች። ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ ግን አይታዘዟትም። ቀድመን ብንደርስ ኖሮ ይህ ይቀር ነበር ወይ ብዬ ያልጠየቅሁት ሐኪም የለም። በእርግጠኝነት የመለሰልኝ አላገኘሁም። ጥያቄውም አልተወኝም።

አንባቢዬ፣ ነፍሰ ጡር ሴት "ልጄ እንቅስቃሴው ቀነሰ" ካለችህ አታስረዳት። ተነስና ሐኪም ዘንድ ውሰዳት፤ አሁኑኑ።