መነጽሩና መርፌው

ወለተ ሐና ጧፍ ሠሪ ናት። ሰም ታቀልጣለች፣ የጥጥ ፈትል ትነክራለች፣ እያንከባለለች ታለሰልሳለች፤ በሰቆጣ ዙሪያ ለክብረ በዓል ከሚበራው ጧፍ የሚበዛው የእጇ ሥራ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከትኩስ ሰም ጋር ኖራ አንድ ቀን ሰሙ ከዳት። ለሚካኤል ዋዜማ የጣደችው ድስት ተንሸራቶ ከጭኗ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተደፋባት። ሰም ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ነው የሚነሳው።

ጤና ጣቢያው ቁስሏን እያጠበ ፋሻ ይቀይርላት ጀመር። እሷ ግን አልጮኸችም። አባቷ ከቆላ ጨው በግመል የሚያመጣ አርሆ ነበር፤ በእሱ ቤት ሕመም በጥርስ ይያዛል እንጂ በአፍ አይለቀቅም። ነጠላዋን ነክሳ ዝም ትላለች።

አንድ ቀን የፕሮጀክት ሰዎች ግማሽ ፊት የሚሸፍን ጥቁር መነጽር አመጡ። ውስጡ ሌላ አገር ይታያል፤ ሕመምተኛው እዚያ ሲዞር ሕመሙን ይረሳል ተባለ። ነርሱ በሪሁን የሕመም ማስታገሻ መርፌ ወጋትና መነጽሩን አጠለቀላት።

«ዶክተር፣» አለችው፤ ለእሷ ነጭ ጋወን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ «ይሄ ሁሉ ተራራ ጨው አይደለም?»

«የምን ጨው?»

«በተላጠ እግሬ ጨው ውስጥ ልትነዳኝ ነው?» እግሯን ሰበሰበች።

በሪሁን ሳቀ። «በረዶ ነው፣ እማማ። ክረምት የሚጥለው በረዶ።»

«ይሄን ያህል? የማንን እህል አጥፍቶ ነው?»

ያም ሆኖ ሠራላት። እንደ ቄስ ጥቁርና ነጭ የለበሱ፣ እየተንገዳገዱ የሚሄዱ ወፎች ስታይ ሕመሙ ጎረቤት ቤት እንደሚጮህ ሰው ሆነ፤ ይሰማል፣ ግን የእሷ አይደለም።

ነገሩ የተበላሸው ከዚያ ወዲህ ነው። የጣቢያው ኃላፊ አቶ ተስፋው መርፌውን ከለከለ። «መነጽር እያለ መርፌ ምን ያደርጋል? ያለችን ጥቂት ናት፤ ከባድ ሕመም ላለበት ትቀመጥ» አለና መጋዘኑን ቆለፈ። የወለተ ሐና እግር ለእሱ ከባድ አልነበረም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ የመነጽሩ ባትሪ ሳይሞላ ይውላል። አንድ ጊዜ ፋሻው ተጋምሶ ሳለ ነጩ ተራራ ድንገት ጠቆረና ሕመሙ ከነሙሉ ጉልበቱ ተመለሰ። የነከሰችው ነጠላ ተቀደደ። ቤቷ ስትገባ ካለቀሰችው ይልቅ የተቆጣችው በለጠ። መድኃኒት እያለ መጫወቻ ሰጥተው ዝም በይ ማለት ምን ማለት ነው?

የፕሮጀክቱ ሰዎች ካሜራ ይዘው የመጡ ዕለት ተስፋው ፋሻዋ በሚቀየርበት አልጋ አጠገብ ቆመ።

«እማማ ወለተ፣ ዛሬ መነጽሩ ሙሉ ነው። ለእንግዶቹ ፈገግ ይበሉላቸው። ሕመም ቀረ ይበሉ።»

«መርፌውስ?»

«መነጽሩ አለ አይደል እንዴ?»

መነጽሩን ተቀብላ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠችው። ነጠላዋንም ከትከሻዋ አውርዳ አጠፈችና ከጎኑ አኖረችው። ዛሬ የምትነክሰው ነገር የለም።

«ጀምር፣ ልጄ» አለችው በሪሁንን።

በሪሁን የፋሻውን ጫፍ አነሳ። ወለተ ሐና ጮኸች። በአባቷ ቤት ያልተሰማ፣ ዕድሜዋን ሙሉ በጥርሷ ያሰረችው ጩኸት ነበር። ውጭ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ከመቀመጫቸው ተነሱ። ካሜራ ያነገበው ወጣት መሣሪያውን ወደ መሬት አዘቀዘቀው።

«ማስታገሻ አልተሰጣቸውም?» አለች ከእንግዶቹ አንዷ።

«መነጽሩን እምቢ ብለው ነው» አለ ተስፋው።

በሪሁን መቆንጠጫውን አስቀመጠ። «ማስታገሻው መጋዘን አለ፣ አቶ ተስፋው። ቁልፉ ኪስዎ ውስጥ ነው። እኔ እንዲህ አድርጌ ከዚህ በላይ አልነካቸውም።»

ተስፋው እንግዶቹን አየ፣ በሪሁንን አየ፣ ከዚያ ወጣ። ሲመለስ መርፌው በእጁ ነበር። በሪሁን ወጋትና እስኪሠራ ከጎኗ ተቀመጠ።

መርፌው ሠርቶ ሕመሙ ሲላላ፣ «አሁን መነጽሩን አምጣ» አለችው። «እኔ መነጽሩን አልጠላሁትም። ከመርፌው ጋር ይምጣ እንጂ በመርፌው ፈንታ አይምጣብኝ።»

ወጣቱ ካሜራውን ቀስ አድርጎ ወደ ፊቷ አነሳ። ወለተ ሐና መነጽሩን ከማጥለቋ በፊት አየችው።

«ስጮህ አውርደኸው አልነበር?» አለችው። «እንዳወረድከው ይቅር።»