እሳት ያልነካት ሴትዮ

ነቀምቴ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ የእጅ ሥራ መምህራችን ከጭቃ ቅርጽ መሥራት አስተማሩን። ጭቃውን ከተባዘተ ጥጥ ጋር ከለወሳችሁት እሳት አያስፈልገውም፣ ጥላ ውስጥ በራሱ ደርቆ ይጠነክራል አሉን። ሌሎቹ ልጆች ላምና ዶሮ ሠርተው ማርካቸውን አገኙና ረሱት። እኔን ግን አልለቀቀኝም። ትምህርቴን እዚያው ስድስተኛ ላይ ካቆምኩ በኋላም ጓሮ፣ እንሰቱ ሥር ተቀምጬ ጭቃ እለውስ ነበር።

እናቴ አትወደውም። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠሩ ሰዎች ለብቻቸው ናቸው። ድስትና ገንቦ ከእነሱ ይገዛል እንጂ ሰው ቤት አይገቡም፣ ጋብቻም የለም። ዐይናቸው ይፈራል። እናቴ ይህን ፍርሃት ከጎጃም ይዛው መጣች፤ ነቀምቴ ስትደርስም ጎረቤቱ ሁሉ ያንኑ ይዞ ጠበቃት። አልተውም ስላት ጊዜ እንዲህ ብላ ፈቀደችልኝ፦

"እሳት እንዳታስነኪው። እሳት ካልነካው ጨዋታ ነው። ከነካው ግን ሸክላ ሠሪ ነሽ፣ የሚያገባሽም የለ።"

ችግሩ፣ የሠራሁት ሁሉ ሲደርቅ ይሰነጠቅ ነበር። ቅዳሜ ገበያ ዳር ሸክላ ዘርግታ የምትቀመጥ አንዲት ሴት ነበረች፤ እንስራ ከመሸከም ብዛት ግራ ትከሻዋ ወደ ታች የወረደ። አንድ ቀን ድስት ልገዛ ስሄድ ጥፍሬ ሥር ያለውን ጭቃ አየችብኝ።

"ኢንታሎ፣ አንቺ ልጅ፣ ይሄ የመንገድ ጭቃ አይደለም።"

አንገቴን ደፋሁ።

"ይሰነጠቅብሻል አይደል?"

"አዎ" አልኩ፣ ለራሴም ሳይሰማኝ።

"ትቸኩያለሽ። በኮባ ቅጠል ጠቅልይው፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ገለጥ አድርጊለት። እንደ አራስ ነው፣ ድንገት ነፋስ አይችልም።"

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው አንድ ነገር ትነግረኛለች። ጭቃው ከመድረቁ በፊት በወንዝ ጠጠር ማሸትን ያስተማረችኝ እሷ ናት። በትምህርት ቤት እንኳ እንዲህ በትዕግሥት ያስተማረኝ አልነበረም።

በዚያ ዓመት በሚያዝያ አንዲት ሴት ሠራሁ፤ ቁመቷ አንድ ስንዝር የምታህል፣ እንስራዋን አውርዳ አረፍ ያለች። አንድም ቦታ አልተሰነጠቀችም። እናቴ እንኳ አገላብጣ አየቻትና እንግዳ ክፍል ሳጥኑ ላይ፣ ጥልፍ ጨርቅ አንጥፋ አስቀመጠቻት። ማንንም አስመስዬ ልሥራ ብዬ አልተነሣሁም። ግራ ትከሻዋ ግን ወርዶ ነበር።

ያን ጊዜ ጊምቢ ክሊኒክ ለሚሠራ አንድ ድሬሰር ታጭቼ ነበር። ግንቦት ላይ የአባቱ እህት ሊያዩኝ መጡ። እሱ "አዳዳ" ስለሚላቸው እኛም አዳዳ አልናቸው። ቀልደኛ ሴት ናቸው። ውኃ ይዤ ፊታቸው ስቆም ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣

"ትናገራለች ወይስ ለጌጥ ነው ያቆማችኋት?" አሉ።

እናቴ ሳቀች። አዳዳ ወዲያው ሳጥኑ ላይ ያለችውን አዩ።

"ይቺንስ ከየት አመጣችኋት? ከሙሽራዋ ይልቅ ይቺ የምታናግረኝ ትመስላለች።"

"ከገበያ ገዝተን ነው" አለች እናቴ፣ እኔን ሳታይ።

ነገሩ እዚህ ላይ ይቆም ነበር። ግን ሸክላ ሠሪዋ እናቴ ያዘዘቻትን ሁለት ገንቦ ይዛ በዚያው ሰዓት ደረሰች፤ እንደ ልማዱ አጥሩ በር ላይ ቆማ ተጣራች። አዳዳ ገንቦ አዋቂ ነኝ ብለው ከእኛ ጋር ወጡ። ገንቦዎቹን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ፤ ቀና ሲሉ ሴትዮዋን አዩ። ትከሻዋ ላይ ዐይናቸው ቀረ። ተመልሰው ገቡና ቅርጿን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው መጥተው መሬት አስቀመጧት።

"ይቺ አንቺ አይደለሽም? ራስሽን ሠርተሽ ሙሽራ ቤት ታስገቢያለሽ?"

ሸክላ ሠሪዋ ቅርጿን አይታት አታውቅም ነበር። ቁጢጥ ብላ ብዙ አየቻት። ከዚያ እኔን አየችኝ። እናቴ ክንዴን ያዘችኝ፤ ጥፍሯ ገባ። "እኔ ነኝ የሠራኋት" ማለት ነበረብኝ። ብናገር አዳዳ ጊምቢ ገብተው ለወንድማቸው ልጅ የታጨችው ሸክላ ሠሪ ናት ይላሉ፤ ጋብቻው ያልቃል፤ ከዚያ በኋላም በራችንን የሚያንኳኳ አይኖርም። ዐይኔን ገንቦዎቹ ላይ ጣልኩ።

"እኔ ነኝ" አለች ሴትዮዋ። "አጥፍቻለሁ።"

"እንግዲያው ይዘሽልን ሂጂ" አሉ አዳዳ። "ገንቦዎቹን ግን ተዪ፣ ጥሩ ናቸው።"

ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ሴትዮዋ ከአጥራችን የኮባ ቅጠል ቀጠፈችና እንዳስተማረችኝ አድርጋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ያዘቻት። የመንገዱ መታጠፊያ ሳትደርስ ዝናቡ ወረደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሳት ያልነካው ጭቃ ውኃ ሲያገኝ የሚሆነውን አስብ ነበር።

ክረምቱ እስኪወጣ ገበያ አልሄድኩም። መስከረም ላይ ስሄድ ቦታዋ ላይ ነበረች። መንገዱን ሙሉ ያጠናሁት የይቅርታ ቃል ነበረኝ። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሟሟች?"

"ሟሟች። ጭቃ መች ይጠፋል፣ መልሼ ለውሼ ገንቦ አደረግኳት።" ከኋላዋ አንዲት ትንሽ ገንቦ አወጣች። ገላዋ በመርፌ የተወጋ ይመስል በጥቃቅን ቀዳዳ ተሞልቷል። "ምን ቀላቅለሽበት ነው?"

"ጥጥ።"

"ጥጥ" አለችና ሳቀች። "ጥጡ እሳት ውስጥ ተቃጥሎ ቦታው ባዶ ቀረ። ታንጠባጥባለች፣ ለሰው አልሸጣትም። ውሰጃት። ሰርግሽ መቼ ነው?"

"ጥር።"

"ይቅናሽ" ብላ ሌላ ገበያተኛ ወደ ማነጋገር ዞረች።

አሁን ጊምቢ ነው የምኖረው። ገንቦዋ በሩ ጥግ ናት፤ ከሥሯ ጣሳ አድርጌያለሁ። ባሌ ለምን አንጥላትም ሲለኝ ውኃ ታቀዘቅዛለች እለዋለሁ፤ እውነትም ታቀዘቅዛለች። አዳዳ ሲመጡ ከእሷ ነው የምቀዳላቸው። ባለፈው ጠጥተው ጨርሰው፣ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ጠጥቼ አላውቅም፣ ገንቦዋን ከየት አገኘሻት አሉኝ።

"ከነቀምቴ ገበያ ገዝቼ ነው" አልኩ፣ እሳቸውን ሳላይ።